በሐጅ ፓስፖርት ሞያሌን ለመሻገር

ድንበር የሚባለውን ነገር በዓይኔ ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ እጓጓ ነበር። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። አንድ ጊዜ ዕቃ ላመጣ ዱባይ ደርሻለሁ፤ ግን ያ በአውሮፕላን ነው፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ሰው አገር ነበርኩ። እኔን የሚያብሰለስለኝ በእግር የሚታለፈው ድንበር ነው። እዚህ ጋ የእኛ፣ እዚያ ጋ የእነሱ የሚባልበት ቦታ ላይ አፈሩ ይለያያል? ዶሮ ብትሻገር ማን ያስቆማታል? ባሌን እንዲህ እያልኩ ስጠይቀው ሥራ ፈት ይለኛል። እሱ እንኳን ስለ ድንበር፣ ሰፈራችን ስላለው ፌርማታም ጠይቆ አያውቅም።

ዕድሉ የመጣው ግን በክፉ ወሬ ነው። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ የሚኖሩት ትልቋ አክስቴ አንድ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጡ። የአባቴ እህት ስለሆኑ በኦሮምኛው አዳዳ ነው የምንላቸው። ታናሽ እህታቸው፣ ትንሿ አክስቴ፣ በወጣትነታቸው ቡና የሚያመላልስ ሾፌር አግብተው ሞያሌ ገብተዋል፤ ሞያሌ ስል ደግሞ ከኬንያው ወገን ያለውን ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ለለቅሶ መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። አሁን ስኳሩ በርትቶባቸው፣ እግራቸው አብጦ ተኝተዋል ተባለ። አዳዳ ከጨርቁ ክምር ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጡና እንድወስዳቸው ነገሩኝ። ለመኑኝ አልልም፤ አዳዳ አይለምኑም።

"ሳልጠይቃት ብትሞት አላህ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?" አሉኝ።

በእኛ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታመመ ይጠየቃል፤ ሄደህ፣ በሩን አንኳኩተህ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ ነው የሚጠየቀው። አዳዳ በስልክ እግዜር ይማርሽ የሚሉትን ሰዎች ስማቸውን ሳይጠሩ ነው የሚያሟቸው። ስለዚህ ሆዴ ቢባባም፣ ወላሂ አልዋሽም፣ ውስጤ ደግሞ ድንበሩን ላየው ነው እያለ ይፈነጥዝ ነበር።

ሕጉን ማጠያየቅ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልተገኘም። አንዱ ለአጭር ጉዞ መታወቂያ ይበቃል አለ። ሌላው ፓስፖርት ካልያዝሽ ዝር አትዪ አለ። ሦስተኛው የቢጫ ወባ ካርድ ጨመረበት፣ ክፍያም አለው አለና ስንት ነው ስለው በዶላር ነው ብሎ ሻዩን ፉት አለ። ማናቸውም ሞያሌን አይተው አያውቁም። እኔ ግን እያንዳንዱን መልስ ይዤ ወደሚቀጥለው ሰው እሄዳለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ምግብም አያስፈልገኝም።

እኔ የዱባዩ ፓስፖርት ነበረኝ። አዳዳም ፓስፖርት አላቸው፣ ሐጅ ያደረጉበት። ከሣጥናቸው አውጥተው፣ የተጠቀለለበትን አረንጓዴ ጨርቅ ፈትተው፣ ቢስሚላህ ብለው ሰጡኝ። ገልጬ ሳየው ጊዜው አልፎበታል፤ ያውም ከረጅም ጊዜ በፊት። ነገርኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ።

"ነቢዩ አገር ያስገባኝ ወረቀት ሞያሌ ሊያስገባኝ ያንሳል?" አሉ።

እንደገና ጠቅልዬ መለስኩላቸው። ለማሳደስ ቀጠሮ ይያዝ ብንል ደግሞ የታመመ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም። እስቲ እንሞክረው ብለን ተነሣን።

መንገዱ ረጅም ነው፤ መኪና ስንቀያይር አንድ አዳር መንገድ ላይ አሳለፍን። አዳዳ ባዶ እጅ አይሄዱምና ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ በፌስታል ሞልተው ይዘው ነበር፤ ትንሿ አክስቴ በቅቤ አቁላልተው መብላት ይወዳሉ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ፌስታሉን አየና ቡና በዚህ መንገድ እንደማያልፍ ነገራቸው። እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት አዳዳ ክንዴን ጨብጠው ዝም አሰኙኝ። ሰውየው አይቷቸው አይቷቸው፣ ከፌስታሉ ላይ አንድ እፍኝ ትቶላቸው ሌላውን ወሰደ። እሷን እፍኝ መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ለሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበር፤ ለቡናም እንደሚያስፈልገው ግን የቡና አገር ልጅ ሆኜ ያን ቀን ተማርኩ።

ሞያሌ ደረስን። እውነቱን ልንገራችሁና አፈሩ አንድ ዓይነት ነው፣ ቀይ። ባጃጁም፣ ፍየሉም፣ የሰዉ አነጋገርም ያው ነው። ሰዎች ጀሪካን ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው፣ ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ይሻገራሉ። ይሄ ነው ድንበር? ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

የኢሚግሬሽኑ መስኮት ጋ ያለችው ልጅ ወጣትና ትሑት ነበረች። የእኔን ፓስፖርት አገላብጣ ትችያለሽ አለች። የአዳዳን ስታይ አንገቷን ደፋች። "እማማ፣ ይሄ አልፏል" አለቻቸው። መታወቂያ አወጣን። በመታወቂያ የሚሻገሩት የዚሁ የድንበሩ ነዋሪዎች እንደሆኑ፣ እነሱም የቀን ፈቃድ ይዘው እስከ ማታ እንደሚመለሱ፣ የጅማ መታወቂያ ግን እንደማያገለግል አስረዳችን። ሐጅ ያደረጉበት ነው ብላት ማሻአላህ አለች፤ ግን አልሆነም።

አዳዳ ከመሻገሪያው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው የወዲያኛውን ቆርቆሮ ቤቶች ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

አግዳሚው ላይ ትልቅ ሻንጣ ያዘለ አንድ ፈረንጅም ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ምን ሆነህ ነው አልኩት። ወዲያ ተሻግሮ አድሮ ሊመለስ ፈልጎ ነበር፤ ቪዛው ግን ለአንድ መግቢያ ብቻ ስለሆነ ከወጣ ለመመለስ እንደገና ጠይቆ፣ እንደገና ከፍሎ ነው። ነገሩ በላኝና ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። አንድ እግሩን ብቻ ቢያሻግርስ ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ ሣቀችና የትኛው እግር የቱ ጋ እንደሆነ የሚመዘግብ የለም፣ ማኅተሙ ነው የሚወስነው አለችኝ። በሣቋ ድፍረት አገኘሁና የእኛስ ነገር ሌላ መላ የለውም ወይ አልኳት።

ትንሽ አሰበች። እህትየው የዚያ ማዶ ነዋሪ ከሆኑ፣ በራሳቸው መታወቂያ የቀን ፈቃድ ይዘው ወደዚህ መምጣት ይችላሉ አለች።

ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለአዳዳ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ታሞ የተኛ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ጠያቂው ያለበት ድረስ ሊመጣ? ይሄን ለጠላቴም አላደርገውም፣ ሰቃ ተመልሼ ብሞት ይሻለኛል አሉ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንቺ መሻገር ስለምትችይ ሂጂና ጠይቂልኝ፣ እሷ እንዳትነሣ አሉኝ። ከመሐረባቸው ጫፍ ቡናውን ፈትተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ያቺን እፍኝ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ያን ስጓጓለት የኖርኩትን ድንበር በእግሬ አለፍኩ። መቼ እንዳለፍኩት እንኳ ልብ አላልኩም፤ ልቤ አግዳሚው ላይ ነበር።

ትንሿ አክስቴ ቤታቸው ከበሩ ሩቅ አይደለም። በባጃጅ ደረስኩ። አልጋ ላይ ናቸው፣ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ፊታቸው ግን ቁርጥ አዳዳን። ቡናውን አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እህታቸው የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ማዶ ከበሩ አጠገብ መቀመጣቸውን፣ መሻገር እንዳልቻሉ ነገርኳቸው። ኑ አላልኩም፤ አደራ ነበረብኝ። አዳዳ አትነሣ ማለታቸውንም አልደበቅኩም።

ትንሿ አክስቴ ሻሻቸውንና መታወቂያቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁ፤ ከዚያ ብርቱካን ከጓዳ አስመጡና በዘንቢል አስያዙኝ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ለበሽተኛ ነው አሉ። አልገባኝም። ደግፌ ባጃጅ ላይ አወጣኋቸው። ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ከንፈራቸውን ይነክሳሉ እንጂ ድምፅ አያሰሙም።

የእኛው መስኮት ጋ ስንደርስ አዳዳ አይተውን ከአግዳሚው ተነሡ። እኔን ያዩበትን ዓይን አልረሳውም፤ ተቆጥተዋል፣ አፍረዋል፣ ወደፊት መራመድም አቅቷቸዋል። የመስኮቷ ልጅ መታወቂያውን ተቀበለችና እንደ ደንቡ ለምን ጉዳይ እንደመጡ ጠየቀች።

ትንሿ አክስቴ ክንዴን ተደግፈው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው በኦሮምኛ መለሱ። "ታላቅ እህቴ ታመዋል አሉኝ። ልጠይቃቸው ነው የመጣሁት።"

ልጅቱ ያበጠውን እግር አየች፣ ቀጥ ብለው የቆሙትን አዳዳን አየች፣ ሌላ ሳትጠይቅ ፈቃዱን ሰጠች።

አዳዳ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ጣሉ፤ በመንገዱ ሁሉ እንዲህ ተደግፈው አይቻቸው አላውቅም። እህታቸው አጠገባቸው ተቀመጡና መዳፋቸውን በአዳዳ ግንባር ላይ አደረጉ፣ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው።

"አዎ፣ ታምሜያለሁ" አሉ አዳዳ። "አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ታምሜያለሁ።"

ትንሿ አክስቴ አላህ ይማርዎት አሉና ብርቱካን መላጥ ጀመሩ።