ጎማ ማውረድ የረሳው ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ አውሮፕላን ያበርራል። አውሮፕላን ስል ግዙፉን እንዳታስቡ፤ ጢንጥዬ ናት፣ አራት ሰው ከጫነች ሞላች። የእኛ ሰፈር ወያላ ቢያገኛት ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ሃያ ሰው ይጠቀጥቅባታል።

አምና አንድ ቀን ከሰዓት ደወለልኝ። ጎማ ማውረድ ረስቶ በሆዷ አሳርፏታል። እሱንም፣ አብሮት የነበረውንም ሰው ጭረት እንኳ አልነካቸውም። ለጥያቄ ሊገባ ስለሆነ ስልኩን እንደሚያጠፋ ነግሮኝ፣ እናታችን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማ ቶሎ እንድደርስላት ለመነኝ።

ከተክለ ሃይማኖት ጌጃ ሰፈር ድረስ ይህን ቦርጭ ተሸክሜ በረርኩ። ወሬው ግን ቀድሞኛል። ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። እናቴ መሃላቸው ደርቃ ቀርታለች።

«ደህና ነው» አልኳት።

ምነው አፌን በቆረጠው! እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው ይኸው አይደል? አባታችን የሞተ ጊዜ እንኳ ለእናቴ ሳምንት ሙሉ ደህና ነበር። ምንም አልሆነም ብዬ ስምል ጭራሽ ባሰባት። ደውለህ አገናኘኝ አለችኝ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ከጎረቤቶቹ አንዷ እሪ ልትል ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁና ንዴቴ ወንድሜ ላይ ገነፈለ።

«ይሄ ደንቆሮ ልጅሽ» አልኩ፣ «አውሮፕላኗ እየጮኸች እያስጠነቀቀችው ጎማ ሳያወርድ አሳረፋት። ዶሮ እንኳ ስታርፍ እግሯን ታወርዳለች።»

እናቴ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የሞተ ሰው እንዲህ አይሰደብም» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ቀጥል። ስደበው።»

ሰደብኩታ። በልጅነቱ ጫማውን ልደታ ማርያም ደጅ ረስቶ በካልሲ ቤት መግባቱን አነሳሁ። አንገቱ ላይ ባይሰፋለት ኖሮ ጭንቅላቱንም ታክሲ ውስጥ ትቶት ይወርድ እንደነበር አስረዳሁ። የእናቴ ፊት በየስድቡ መካከል ደም እየመለሰ መጣ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አንድ በአንድ አስተካከሉ፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ የነበረችውም ሴትዮ ጉሮሮዋ እንዳይባክን ይመስለኛል ሁለት ስድብ አዋጣች።

ሲመሽ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እናቴ ከጸጉሩ እስከ ጉልበቱ ዳበሰችው፣ ጣቶቹን ሳይቀር ቆነጠረች። አንድም ነገር እንዳልጎደለው ስታረጋግጥ ግንባሩን ሳመችውና፣ የተረፈውን ስድብ እሷው ጨረሰችው።