የማይገዙኝ ደንበኛ

በጉሬ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ስሸጥ አረጀሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ ደንበኛ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በገበያ ቀን ከተራራው የቡድሃ ገዳም ይወርዳሉ። ግራጫው የገዳም ልብስ ሰፍቷቸዋል። ለመነኮሳቱ ጥቅል ጎመን ሲመርጡ ሥሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል፤ ሻጮቹም እሳቸው ላይ ዋጋ መቆለል አይደፍሩም። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው ይቆማሉ። ነጭ ሽንኩርት በገዳሙ ክልክል ስለሆነ አይገዙም። አንዲት ፍሬ ብቻ ያነሱና ልጠው፣ በጣቶቻቸው ጨፍልቀው ያሸታሉ።

ፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ የቦካውን ጎመን፣ ኪምቺውን፣ በእሽግ ይሸጣል። በየእሽጉ ላይ የእሳቸው ፎቶ አለ፤ ፀጉራቸው ገና ጥቁር ሆኖ ይስቃሉ። ወደዚያ ዞር ብለው አያውቁም።

"አባባ፣ መነኮሳቱ ቢያሸቱዎት ጉድ ፈላ" አልኳቸው ዛሬ።

ፈገግ አሉ። "ልጄ ትንሽ ሳለች እጄን አትይዝም ነበር። 'አባዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ትላለህ' ብላ ትሸሸኛለች።"

"የኪምቺ ፋብሪካዎን የተዉት ለእሷ ብለው ነው?"

"ለራሴ ብዬ ነው። የነፍስ ዕረፍት ፍለጋ። ሸክሙን እሷ ላይ ጥዬ ወጣሁ።"

"ዕረፍቱንስ አገኙት?"

"እጄ መሽተቱን ተወ" አሉና ጣቶቻቸውን እንደገና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። "አሁን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የምትለው እሷ ናት።"