የሀጅራ ሕጋዊ ወንበር

ሀጅራ የላምባ ኩፖን ስትሸጥ ያልሮጠችበት የዲላ መንገድ የለም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ነዳጅ በጠፋበት ዓመት፣ ለየቤተሰቡ የላምባ ኩፖን ይታደል ነበር። ዕደላው ለሁሉም እኩል ነው፤ ጨለማው ግን እኩል አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጪጩ ገበሬ በምድጃው ብርሃን እራቱን በልቶ በጊዜ ይተኛል፤ የዲላ ልብስ ሰፊ ግን ያለ ፋኖስ ሥራው ይቆማል። ሀጅራ ከገበሬው ገዝታ ለሰፊው ትሸጣለች፤ ሁለቱም ይመርቋታል። የማይመርቃት ዘበኛው ወንድይፍራው ብቻ ነበር። ኩፖን መሸጥ ክልክል ነውና ባያት ቁጥር ዱላውን ይዞ እስከ ወንዙ ያባርራታል። ጉልበቷን ያመማት ከዚያ ወዲህ ነው። አላህን የምትለምነውም ሀብት ሳይሆን ቁጭ ብሎ መሸጥን ነበር።

ልመናዋ ተሰማ። የኩፖን ሹሙ አቶ ገብረኪዳን ጥቁር ገበያን ከሥሩ ሊነቅሉ ቆርጠው ተነሡ፤ ኩፖን መሸጥ ተፈቀደ፣ ግን በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ ብቻ ተባለ። ሀጅራ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣ ፈቃድ አወጣች። አግዳሚ ወንበር ተሰጣት። በር ላይ የቆመው ወንድይፍራው እንኳ «እሜቴ» ብሎ እጅ ነሣ።

ወንበሩ ይመቻል፤ ገበያተኛ ግን የለም። ደንቡ ኩፖኑን የሚሸጥ ሰው «ላምባ ተርፎኛል» ብሎ እንዲፈርም ያዛል፤ የፈረመው ደግሞ ከተረፈው ምን ያደርግለታል ተብሎ በወሩ ከዕደላው ይሰረዛል። የሚገዛውም የራሱን የት እንዳደረሰው ይጠየቃል። አንድ የጪጩ ሰው ፈርሞ ተሰረዘ፤ ከዚያ ወዲያ ግቢውን ዝንብም አልጎበኘው። አቶ ገብረኪዳን ጭር ማለቱን አይተው ጥቁር ገበያ መጥፋቱን ለበላይ አስታወቁ። ሀጅራም በሕጋዊ ወንበሯ ላይ በሕጋዊ መንገድ ተራበች።

አንድ ቀን ወንድይፍራው ግራ ቀኙን አይቶ ጠጋ አላት።

«ሀጅራ፣ የባለቤቴ ወሯ ገብቷል። ቤታችን ጠብታ ላምባ የለም።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ከድሮው የተረፈኝ ኩፖን አለ፤ እዚሁ ትገዛለህ።»

«ስሜ ይጻፋላ። ዘበኛው ራሱ…» አቀረቀረ። «አንዴ ከአጥሩ ወጣ ብትይልኝ?»

ሀጅራ ወንበሯን አየችው። ጉትቻዋን የበላ ወንበር ነው። ሳቋ መጣባት። ተነሥታ ወጣች፤ ከአጥሩ ጀርባም ከመቀነቷ ፈትታ ሸጠችለት። ኩፖኑን ቆቡ ውስጥ ሲሸጉጥ አቶ ገብረኪዳን ከማዶ ብቅ አሉ።

«ሩጪ» አላት በሹክሹክታ፣ ዱላውን እያነሣ።

ሀጅራ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንዙ ሮጠች። ወንድይፍራውም «ያዟት» እያለ ተከተላት፣ እንዳይደርስባት እየተጠነቀቀ።