ከስላይድ ላይ የጠፋው ደም

ከመተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ዕድሜዬ አርባ አንድ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሞላ በዕድሜ ታናሼ ነው። ወረቀቴን አይቶ «እማማ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ የመጡ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ታማሚዎቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት «እማማ» ሆኜ ቀረሁ። ቂም ያዝሁበት።

ለወባ ምርመራ ከጣት የተወሰደውን ደም ስላይድ በምንለው ጠባብ መስታወት ላይ እንቀባለን። እስኪደርቅ የወንፊት ክዳን ይደፋበታል።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሦስት ሳሉጎችን ደም ዘረጋሁ። ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ጧት አቶ ሞላ በተናገረኝ ቃል እየተብሰለሰልሁ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ መስታወቶቹ ባዶ ናቸው። በእርሳስ የጻፍኋቸው ቁጥሮች አሉ፤ ደሙ የለም። የተጠረገበት ምልክት እንኳ አይታይም።

ከጎጃም የመጣው ጌትነት በሩ ላይ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። «ደሜሳ?» አለ።

አቶ ሞላ ሳቀ። «እማማ፣ ቡዳ ነዎት እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ሁለቱ ሳሉጎች ወጥተው ሄዱ። ጌትነት ግድግዳ ይዞ ተነሣ። «ሁለተኛ አልወጋም። እርሻው ላይ ብሞት ይሻለኛል።»

ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ከሄደ እንደማይተርፍ አውቄያለሁ። ክዳኑን ፈለግሁት፤ በአቶ ሞላ ምሳ ላይ ተደፍቷል።

«ዝንብ ነው የላሰው። ተቀመጥና እይ» አልሁት። የራሴን ጣት ወግቼ ጠብታውን መስታወት ላይ አኖርሁ። ጠበቅን። ዝንብ አልመጣም። ጌትነት ጠብታውን ትቶ አፌን ያያል።

በልቤ አባታችን ሆይ ጀመርሁ። የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ላይ ስደርስ ቆምሁ። ለወራት አድበስብሼ የማልፈው ቃል ነበር። አቶ ሞላ አጠገቤ ላብ አጥምቆታል። ስሙን ጠርቼ ጨረስሁት።

አንዲት ዝንብ መጣች፤ ከዚያ ሌሎች። ጠብታው ከዳር እየሳሳ አለቀ። በጸሎቱና በዝንቦቹ መካከል ምን እንደነበረ አላውቅም፤ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

«እና ደሙን ሳይከድን ማን ተወው?» አለ ጌትነት። አቶ ሞላ አቀረቀረ።

«ሳልከድን የወጣሁት እኔ ነኝ» አልሁ። እውነት ነው።

ጌትነት ጣቱን ሰጠኝ። ወባው ተገኘ፤ እዚያው መድኃኒት ጀመረ። ሁለቱን ሳሉጎች አቶ ሞላ ራሱ በፀሐይ ሮጦ መለሳቸው። ቁና ቁና እየተነፈሰ «ይቅር ይበሉኝ» አለኝ።

«ብያለሁ» አልሁት።

ለአዳዲስ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው፦ ያስቀየማችሁን ሰው ታማሚ ከመጥራታችሁ በፊት ይቅር በሉት። ያን ቀን ቂሜን እያብሰለሰልሁ ስለነበር ክዳኑ በቦታው አለመኖሩን አላየሁም።