ዘር ሻጩ እንደራሴ

ኤልበርት ትሬድዌይ በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ሄዘልተን በምትባል የጥጥ አገር ከተማ፣ ዘርና ማዳበሪያ ይሸጥ ነበር። ለአሥራ አራት ዓመትም ወረዳውን ወክሎ በግዛቱ ምክር ቤት ተቀምጧል። የመረጡት ነጮች ናቸው፤ ጥቁሮቹን ከምርጫ የሚያርቀውን ሕግ ሁሉ እጁን እያወጣ አጽድቋል። ሱቁ ሁለት በር ነበረው፣ ነጭ በፊት ለፊት፣ ጥቁር በጓሮ። ክፉ ነኝ ብሎ አስቦ አያውቅም።

አስተማሪ ሚስቱ ኦሌታ ልጅ ሳይወልዱ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ቤት ሲገባ የሚያናግረው ሬዲዮው ብቻ ሆነ።

ዳኞች ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው ይማሩ ብለው የፈረዱ ጊዜ ምክር ቤቱ አብረው ከሚማሩስ ብሎ ትምህርት ቤቶቹን ጭራሽ ሊዘጋ ተነሣ። የኤልበርት ስም ሲጠራ ግን “አልስማማም” አለ። ለጥቁሮቹ አዝኖ አልነበረም። ኦሌታ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረችበት ክፍል በሩ በሳንቃ ተቸንክሮ ማየቱን አልቻለውም።

ከተማው ሲመለስ ጸጉር ቆራጩ ሆይት ከሱቁ በር ላይ አስቆመው።

“ምን ነካህ አንተ ሰው?”

“ትምህርት ቤት አይዘጋ ነው ያልኩት። ሌላ ምን አልኩ?”

“እሱን ለከተማው ሰው ንገር። እኔማ ጸጉርህን ብቆርጥህ ደስ ባለኝ፤ ነገ ግን እዚህ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥልኛል?”

በቤተ ክርስቲያንም እሱ የተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ከሱ በቀር ባዶውን ይቀር ጀመር። የዘር ወቅት ገባ፤ ሱቁን የሚረግጥ ነጭ ጠፋ። አንድ ቀን የጓሮው በር ተንኳኳ። ሩፈስ ሞብሊ የሚባል ጥቁር ሽማግሌ ገበሬ ነበር።

“ሩፈስ፣ በፊት ለፊት ግባ። ማንም የለም።”

“ይቅርብኝ ጌታዬ፣ እዚሁ ይሻለኛል።”

“ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ መከራከሬን ሰምተሃል?”

“ሰምቻለሁ፣ ደግ አደረጉ። የኛው ግን ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ቆየ። አንድ ቀን መጥተው አይተውት ያውቃሉ?”

ኤልበርት በርጩማ ሳበና “እስቲ ይቀመጡ፣ አቶ ሞብሊ” አለ። በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን ጥቁር አንቱ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሌው ደንግጦ ወደ መንገዱ አየ። “እንዲህ አይበሉኝ ጌታዬ። ሰው ቢሰማ እርስዎ የሚቀርብዎት ገበያ ነው። እኔን ግን ቤቴን ነው የሚያቃጥሉብኝ።” የገዛውን የዘር ጆንያ ተሸክሞ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ።

ኤልበርት በቀጣዩ ምርጫ ተሸነፈ፣ ሱቁንም ሸጠ። አንድ ዝናባማ እሑድ መኪናውን ነድቶ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ሄደ። ግቢው ጭር ብሏል። በመስኮት ሲያይ በዴስኮቹ መሀል ውሃ የሞሉ ባልዲዎች ተደርድረዋል። ተተኪው እንደራሴ ዘንድ ሄዶ ጣሪያው ይሠራ ብሎ ለመነ፤ ሰውዬው ሳያስቀምጠው በትሕትና ሸኘው።

በማግሥቱ ኤልበርት ራሱ ቆርቆሮ ገዝቶ ላከ። ከማን እንደሆነ አላስነገረም። ቆርቆሮው ጣሪያው ላይ ሲመታ ለማየት ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ዋለ፤ ከሠራተኞቹ ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም።