የየራሳቸው ሰደፍ

ኤርጎጌ ከአምስተኛ ክፍል የቀረችው ክፍልፋይ አልገባ ብሏት ነው። ለጠየቃት ግን "ቤተሰብ ልርዳ ብዬ" ትላለች፤ ይኼኛው ያስከብራል። ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን የነበራት ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ሲዘጋ፣ ፀጋዬ የሚባል የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ እሱ ብረት ከሚቆርጥበት፣ ፈቃድ ካለው የአደን ጠመንጃ ወርክሾፕ አስቀጠራት። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ የምትጮህ ሴት በአርባ ስድስት ዓመቷ ጠመንጃ ቤት ገባች። ያውም በመጥረጊያ።

የወርክሾፑን ባለቤት ሰው ሁሉ ኡም ሄንድሪክ ይላቸዋል፤ "ኡም" አጎት ማለት ነው፤ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። ተራ ገበሬ የሚችለው ርካሽ ጠመንጃ ይሠራሉ፤ አፈሙዙ ሲቀየር ለድኩላም ለከርከሮም የሚሆን፣ የአንዱ ዕቃ ቢሰበር የሌላው የሚተካለት። አንድ ቀን አምስት የእንጨት ሰደፍ ሰጧትና "እነዚህን ላጊ። ሐሙስ ገዢ ይመጣል፤ ከወደደው መጥረጊያውን ትተሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጫለሽ" አሏት።

አባቷ ሆሳዕና ውስጥ የመጥረቢያ እጀታ ይሠሩ ነበር። እጀታ የሚላገው ለራሱ መጥረቢያ ነው። እሷም እያንዳንዱን ሰደፍ ከየራሱ ብረት ጋር እያስተያየች፣ ፀጉር እንዳያስገባ አድርጋ ላገችው። እሁድ በማይክ ቆማ ጌታ ከመጥረጊያ እንዳነሳት መሰከረች። ሁለት ሴቶች አለቀሱ።

ረቡዕ ፀጋዬ አንዱን ሰደፍ አንስቶ ሌላ ብረት ላይ ሞከረው። እምቢ አለ።

"እህት ኤርጎጌ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"እሱ የዚያኛው ነው። የዚህ እዚያ አለልህ።"

"የዚህ የዚያ የሚባል የለም። ሁሉም ለሁሉም ነው።"

"አጋብቼያቸው አሁን ላፋታቸው?"

ፀጋዬ አልሳቀም። "ገዢው ነገ ፈታቶ፣ ደባልቆ ነው የሚገጥማቸው። የሚገዛውም ለዚህ ብሎ ነው። በቃ፣ ምልክት እናድርግባቸውና እኔ እየመረጥኩ አቀብለዋለሁ።"

ኤርጎጌ ትንሽ አሰበች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ክፋቱ፣ መስክራለች።

"እሁድ በማይክ፣ ሐሙስ በማጭበርበር? ተወኝ" አለችና ወደ ኡም ሄንድሪክ ሄደች።

ሽማግሌው አምስቱንም አፈራርቀው ሞከሩ። ሁለቱ ጠበው ስለነበር ይድናሉ፤ ሦስቱ ግን ከልክ በላይ ተልገዋል። የተላገ እንጨት አይመለስም። ለገዢው ደውለው ቀጠሮውን በሁለት ሳምንት አራዘሙ፤ ከዚያ ከመሳቢያቸው የሁሉም ጠመንጃ ልክ የሆነ አንድ የመለኪያ ብረት አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

"ዓይንሽን አትመኚው፣ ይኼን እመኚ። እስኪገባ ላጊ፤ ሲገባ አቁሚ። ጠዋት ጠዋት ግን ትጠርጊያለሽ።"

ኤርጎጌ ብረቱን አገላብጣ አየችው። ወይ ይገባል፣ ወይ አይገባም። ክፍልፋይ የለውም። አስተማሪዋ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጧት ኖሮ ስድስተኛ ክፍልን ታየው ነበር።

እሁድ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ያለቀሱት ሴቶች ግን አገኟት።

"ጠረጴዛሽ እንዴት ነው?"

"ከሰዓት በኋላ የኔ ነው" አለች። "ጠዋት እጠርግለታለሁ።"