የቀትር ጉርሻ

ቆቦ ላይ ቀትር ሲሆን ከፀሐይ ጋር የሚከራከር የለም። ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ባለሱቁ መጋረጃውን ይለቃል፣ በየቤቱ ያለውም ሰው ወሬውን አቋርጦ ጋደም ይላል። የሻረግም ከእህል ገበያው ትመለስና የማዳበሪያ መስፊያ መርፌዋን ከግድግዳው ሽንቁር ትሰካለች፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ትራስ ታደርግና ከመደቧ ላይ ትዘረጋለች። እንቅልፍ አያስቸግራትም። ገና ዓይኗ ሳይከደን የማሽላ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል፤ ያኔ ካሳ እንደመጣ ታውቃለች።

ካሳ ባሏ ነው። ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ሲመጣ ሙት መስሎ አይመጣም፤ እንዲያውም ከነበረው አምሮበት ነው። ከጎብዬ ወዲህ ካለችው ማሳቸው ዳር ተቀምጦ ታገኘዋለች። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ወጥቷል፤ ነፋሱ ከአፋር በኩል ቀስ ብሎ እየገባ ያወዛውዘዋል። ብርሃኑ የቀትርም አይደል፣ የማታም አይደል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። ተቆርጣ የነበረችው የእግሩ አውራ ጣት እንኳ ከቦታዋ ተመልሳለች። ከፊቱ ሰፊ ቅጠል ዘርግቷል፤ ከቅጠሉ ላይ ትኩስ የማሽላ እንጀራ፣ ከእንጀራው ላይ የቀለጠ ቅቤና አዋዜ። ይቆርሳል፣ ያጠቅሳል፣ ጠቅልሎ እጁን ይዘረጋል።

«እንኪ የሹ፣ ብዪ» ይላታል።

ጉርሻው ከከንፈሯ ይደርሳል። የቅቤው ሽታ አንጀቷ ድረስ ይገባል። እሷ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። እሱም አይቆጣም፤ እጁን እንደዘረጋ ዝም ብሎ ያያታል። ስትነቃ ቀሚሷ በላብ ከገላዋ ተጣብቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይደልቃል፤ የት እንዳለች ለማወቅ እንኳ ጥቂት ይቆይባታል። «ይህ የቆቦ ሙቀት ሊገድለኝ ነው» ትልና ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እንግዲህ ቆቦ ላይ ላበኝ ያለን ሰው ማን ምን ብሎ ይጠይቀዋል?

የሻረግ ሥራዋ የጆንያና የማዳበሪያ አፍ መስፋት ነው። ማሽላውና ጤፉ ተሰፍሮ ሲሞላ እሷ በዚያች ረጅም መርፌዋ ጥርቅም ታደርገዋለች። እሷ የሰፋችው ማዳበሪያ እስከ ደሴ ሄዶ አንዲት ፍሬ አያፈስም ይባልላታል። ባሏ ካሳ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ አፉን ለምግብም ለጨዋታም ከፍቶ የተፈጠረ ሰው። ሆዱን ይወዳል፣ መቼም የሞተ ሰው አይታማም፤ ግን ለብቻው አይበላም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይልና መንገደኛውን ሁሉ እየጎተተ ያስገባል። እሸት ሲደርስ እሸት፣ ማር ሲቆረጥ ማር፣ ማንጎ ሲበስል ማንጎ፤ ለካሳ ወራቱ የሚቆጠረው በሚበላው ነገር ነበር።

ኋላ ስኳር ያዘው። የሻረግም ዘበኛ ሆነች። ማሩን ቆለፈችበት፣ ሻዩን መራራ አደረገችበት፣ ከጎረቤት ገብቶ እንዳይበላም ጎረቤቱን ሁሉ አስጠነቀቀች። እሱ ግን አይያዝም፤ ከታላቅ ወንድሙ ከገብረ ማርያም ቤት ሄዶ ቅቤውን ጠግቦ ከንፈሩ እያብረቀረቀ ይመለሳል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ገብረ ማርያም ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ጠላውን ይጠጣል፣ ጮማውን ይቆርጣል፣ ዛሬም ቢሆን በእግሩ ጎብዬ ደርሶ ይመለሳል። ታናሹ ጣቱን ተቆርጦ ተኛ። የአንድ እናት ልጆች፣ ከአንድ ማዕድ ያደጉ። ሰፈሩም ለሁለት ተከፍሎ ይሟገት ነበር፤ እኩሉ «ሰውን የሚገድለው አፉ ነው» ይላል፣ እኩሉ «የለም፣ ቀኑ ነው» ይላል። የሻረግ የአፉ ወገን ነበረች።

ካሳ የሞተው በጦርነቱ መንገድ በተዘጋበት ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ማሽላው ደርሶ፣ ከመሃሉ ያለው ጥንቅሽ አገዳው ስኳር ይዞ፣ ልጆች በየደጁ እየላጡ የሚያኝኩበት ጊዜ ነበር። ካሳ ከመኝታው ሆኖ የሚያኝኩትን ሰማና «የሹ፣ እስቲ አንዲት ጥንቅሽ ላጭልኝ» አላት። ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። እሷም ደክሟታል፣ ተናዳለች፣ ፈርታለች። «አንተ ሰውዬ፣ በአፍህ ነው እኮ የምትሞተው» አለችው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያንን ቃሏን የምትመልስበት አጣች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለጓደኛዋ ለጀዊሪያ እንኳ።

እሷን ራሷን ስኳር ያገኛት ካቻምና ነው። በጤና ጣቢያው ያሉት ሰዎች በትዕግሥት አስረድተዋታል፤ ጣፋጭ ይተዉ፣ ምግብ ይመጥኑ፣ ኪኒኑን ጠዋት ከቁርስ ጋር ይዋጡ፣ ምሳና እራት ግን እንዳይዘሉ። እሷ እራሷን እየነቀነቀች ልቧ ከካሳ መኝታ አጠገብ ነበር። «ይተዉ» የሚለውን ሰማች፤ «እንዳይዘሉ» የሚለው ሳይገባት ቀረ። መጀመሪያ ስኳሩን ተወች፣ ቀጥላ ማንጎውን፣ ቀጥላ ቅቤውን፣ ካምና ጀምሮ ደግሞ ምሳን የሚያህል ነገር ጭራሽ ተወች። ጠዋት ኪኒኗን በግማሽ እንጀራ ትውጣለች፤ ከዚያ እስከ ማታ ውሃ ነው። ጉንጯ ጎደጎደ። ገበያተኛው «የሻረግ የጆንያውን አፍ ስትሰፋ ስትሰፋ የራሷንም ሰፋችው» እያለ ይቀልዳል። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ልጇ ሊድያ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ አባት የላት፣ ካረጀው አጎቷ በቀር ዘመድ የላት። የሻረግ የምትፈልገው ልጅቷ ራሷን እስክትችል መቆየት ብቻ ነው።

ካሳ በቀትር መምጣት የጀመረውም ምሳ ከቀረ ወዲህ ነው፤ ግን ይህን ከዚያ ጋር ማን ያገናኘዋል?

ህልሙን ለጀዊሪያ ነገረቻት። ጀዊሪያ የዋጃ ልጅ ናት፤ ግድግዳ ተጋርተው ሃያ ዓመት ኖረዋል። ሰምታ ሰምታ ፊቷ ጠቆረ።

«ሙት ያጎረሰሽን እንዳትውጪ፣ የሹ። ከዋጥሽለት ይዞሽ ይሄዳል። አፍሽን ያዢ ብቻ፣ አብሽሪ፤ አላህ ይጠብቅሻል።»

ህልም እንደ ፈቺው ነው፤ የሻረግም ፍቺውን ተቀበለች። ካሳ በቂም እንደሚመጣ አልተጠራጠረችም። በቁሙ የነፈገችውን ምግብ እየያዘ መምጣቱ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ምኞቴ ነው የሚጠራው አለችና ቁርሷንም ከግማሽ ወደ ሩብ አወረደችው። በቀነሰች ቁጥር ካሳ ይዘወትራል። ማሽላው እየረዘመ፣ ነፋሱ እየለሰለሰ፣ የጉርሻው ሽታ እየጣፈጠ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ትፈራዋለች እንጂ አትጠላውም ነበር። ቀትር ሲቃረብ መርፌዋ ይፈጥናል። ፊቱን ማየት ደስ ይላታል፤ ያቺን የተዘረጋች እጅ ስታይ ግን ታፍራለች።

አንድ ቀን ጀዊሪያ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ የሻረግን ከመደቡ ላይ አገኘቻት። ላቧ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ጥርሷን ነክሳለች፣ ቢጠሯት አትሰማም፤ ከንፈሯ ውስጥ ለውስጥ «አልበላም፣ አልበላም» ይላል። ጀዊሪያ ፍቺዋን ሁሉ ረስታ፣ ጫማም ሳታደርግ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

የሻረግ ማሳው ውስጥ ነበረች። ካሳ ዛሬ በጣም ቀርቧታል። ጉርሻውን ከከንፈሯ አድርሶ «ብዪ እንጂ» ይላል፣ ድምፁ ይለምናል። ልትከፍት ነበር፤ ከንፈሯ ሊላቀቅ ነበር። ከዚያ ካሳ ወደ ኋላው ዞር አለና ተነሣ፤ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ከማሽላው መሃል ገባ። ቅጠሉ ተዘጋ። ዓይኗን ስትገልጥ ጤና ጣቢያ ናት፤ ከክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ ከራስጌዋ ነርሱ ይድነቃቸው ቆሟል።

«ስኳሯ በጣም ወርዶ ነው» እያለ ለጀዊሪያ ያስረዳታል።

«ወረደ? ሰው ለማውረድ አይደል እንዴ የሚለፋው?» አለች ጀዊሪያ።

ይድነቃቸው ወደ በሽተኛዋ ዝቅ አለ። «እናቴ፣ ዛሬ ምሳ ምን በሉ?»

«ምሳ አልበላም፣ ልጄ።»

«ኪኒኑንስ?»

«እሱንማ አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም።»

ነርሱ ግንባሩን ያዘ። ቀስ ብሎ ነገራት። ኪኒኑ ስኳርን ይጎትታል፤ ከውስጥ የሚጎተት ምግብ ካጣ እርስዎን ይጎትታል። ላቡ የሙቀት አይደለም፣ የረሃብ ነው። መንቀጥቀጡም የረሃብ፣ ህልሙም የረሃብ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው፤ ነርሱ ግን ጨዋ ልጅ ስለሆነ አልተናገረውም።

የሻረግ፣ ጀዊሪያ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። ባሌ ስኳር ነበረበት፤ መንገድ የተዘጋ ጊዜ፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት ጥንቅሽ ለምኖኝ ነፈግሁት። ብሰጠው ይገድለው ነበር?

በዚያ ዓመት ይድነቃቸውም እዚሁ ነበር።

«የስኳሩን መርፌ ይወጉ ነበር?» አለ።

«ይወጋ ነበር። ኋላ ጠፋ። ወር ሙሉ ጠፋ።»

«እንግዲያው እናቴ፣ እሳቸውን የወሰዳቸው መድኃኒት መጥፋቱ ነው። ቢያኝኩም ባያኝኩም ያው ነበር። እርስዎም አልገደሏቸውም፣ አላዳኗቸውምም።»

ሰው እፎይ ትላለች ይላል። እሷ ግን እንባዋ በጆሮዋ ላይ እየፈሰሰ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ያው ከነበረ፣ ለምን አላኘከም? ማኘክ ይችል ነበር። ጣፋጩ አፉ ውስጥ ሆኖ መሄድ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሊድያ ቤቱን ተረከበች። በስድስት ሰዓት ምሳ፤ ትንሽ ሽሮ፣ ጎመን፣ አንድ የማሽላ እንጀራ። ትምህርት ቤት የምትውል ቀን ከድና ትታላት ትሄዳለች፤ ማታ ሳህኑን ሳታይ አትቀመጥም። «እማ፣ በአባዬ ሞት በልተሻል?» ትላለች። ጀዊሪያም «የኔን ፍቺ ነርሱ ሻረው» እያለች በራሷ ትስቃለች።

የሻረግ የመጀመሪያውን ቀን በልታ ተኛች። ካሳ አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። በሳምንቱ እጇ ረጋ፣ ስፌቷ ቀና፣ ጉንጯም መመለስ ጀመረ። ሰው ሁሉ እሰይ አላት። ቀትሩ ግን ባዶ ሆነባት። ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ በመካከሉ ምንም የለም፤ ቅጠል የለም፣ ነፋስ የለም፣ ያ ጥላ የሌለው ብርሃን የለም። አሁን ፍርሃቱ ለቅቋታል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣ አፏን ትከፍትለታለች። ዓመት ሙሉ የመለሰችውን ጉርሻ ተቀብላ፣ ከእጁ በልታ፣ ያንን ክፉ ቃሏን ትሽረዋለች። መንገዱንም ታውቀዋለች፤ አንድ ምሳ መዝለል ነው።

ሐሙስ ቀን ዘለለችው። ሊድያ ትምህርት ቤት ናት፣ ጀዊሪያ ዋጃ ሄዳለች። ጠዋት ኪኒኗን ውጣለች። የተከደነውን ሳህን አልነካችውም፤ ከመደቡ ላይ ተዘርግታ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ላቡ ከግንባሯ ብቅ አለ። ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከሩቅ፣ ከጣሪያው በላይ፣ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። እየመጣ ነው። እንደ ሙሽራ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፏንም ከወዲሁ ገርበብ አደረገች።

እንቅልፍ ሳይወስዳት ድምፁን ሰማችው፤ «ብዪ» አላት።

ዓመት ሙሉ የሚላት ይህንኑ ነበር። ነይ ብሏት አያውቅም። ለምን ነፈግሽኝ ብሏት አያውቅም። በቁሙም ቢሆን መንገደኛ እየጎተተ የሚያበላ ሰው፣ ሞቶ ደግሞ የራሱን ሚስት ሲርባት ዝም ብሎ ያያል?

የሻረግ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። እግሯ አልታዘዝ ብሏት ወለሉ ላይ እየተጎተተች ሳህኑ ጋ ደረሰች። ክዳኑን አነሣች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ጠቀለለች። ቅጠሉ ገና ይሰማታል፤ እሱም ከዚያው ከዳር ቆሟል። «እሺ ካሳዬ» አለችና ጎረሰች። ሁለተኛውን ስትጎርስ ኮሽታው ራቀ። ሦስተኛውን ስትጎርስ ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ገባ። እንባዋ ከወጡ ጋር እየተቀላቀለ፣ ካሳ የሚመጣበትን መንገድ በገዛ እጇ፣ ጉርሻ በጉርሻ፣ ሳህኑ እስኪነጣ ዘጋችው።